የአንባቢያን ጥያቄ፦ 7 ለ 5 የሚያልቅ ግጥሚያ በምን ይስተካከላል?

ጥያቄ፦ ኤፍሲ 24 በሚባለው የእግር ኳስ ቪዲዮ ጌም ላይ በካሪየር ሞድ (ክለብ ይዞ ዓመታትን በሚጫወቱበት ክፍል) ከኮምፒዩተሩ ጋር እጫወታለሁ። ውጤቱ ሁልጊዜ 6 ለ 4፣ 7 ለ 5 ነው። የክብደት ደረጃውን ከፍ ሳደርገው መሸነፍ ጀመርኩ እንጂ ጨዋታው አሁንም ኳስ ኳስ አይልም። ምኑን ልንካ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ደረጃውን ወደነበረበት ይመልሱት። ከፍ ማድረጉ ተጋጣሚዎን ያበረታል እንጂ ጨዋታውን እውነተኛ አያደርገውም።

መጀመሪያ መለኪያ ይያዙ። በ2023–24 የውድድር ዘመን በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በ380 ጨዋታዎች 1,246 ግቦች ተቆጥረዋል፤ በጨዋታ 3.28 መሆኑ ነው። ሊጉ ወደ 20 ክለብ ከወረደ ወዲህ ይህን ያህል ግብ የታየበት ዓመት አልነበረም። አንድ ግብ ለማግኘት ከ8 እስከ 10 የግብ ሙከራ ያስፈልጋል። አሁን ከግጥሚያው በኋላ የሚወጣውን የእርስዎን ሰንጠረዥ ይመልከቱ። በ8 ሙከራ 6 ግብ ካስቆጠሩ ችግሩ ያለው ምቱ ላይ ነው፤ የተመታው ሁሉ ይገባል። በ30 ሙከራ 6 ግብ ከሆነ ግን ዋናው ችግር ምቱ አይደለም፤ የተከፈተው መሐል ሜዳው ነው። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው።

ሁለቱም የሚስተካከሉት በጌሙ ቅንብር ውስጥ ባሉት ስላይደሮች (የጨዋታውን ባሕርይ በቁጥር ከፍ ዝቅ በሚያደርጉ መቆጣጠሪያዎች) ነው። ለመጀመሪያው የምት ስህተትን ከ50 ወደ 55 ያውጡ፣ በቃ። ለሁለተኛው ሥራው ይበዛል። የፓስ ስህተትን 57 አካባቢ፣ የፓስ ፍጥነትን 46፣ የተጫዋች ፍንጠራን (ሩጫ ሲጀምር ፍጥነት የሚያወጣበትን) 46፣ የተከላካዮችን ማርኪንግ (ተጋጣሚን ተጠግቶ መያዝን) ደግሞ 60 አካባቢ ያድርሱ። ኳሷ እንደ ጥይት ስትሄድና አንድም ሳትሳሳት ስትደርስ ተከላካዩ ቦታውን ለመያዝ ጊዜ አያገኝም፤ ኳሷ ትንሽ ስትዘገይ መስመሩ ይሰበሰባል። ቁጥሮቹ መነሻ ናቸው፤ ከእጅዎ ጋር የሚስማማውን የሚያገኙት በሙከራ ነው። ሁሉንም በአንድ ምሽት አይቀይሩ። አንዱን በ5 ነጥብ ነክተው አምስት ግጥሚያ ይጫወቱ፤ ሙከራውን፣ የፓስ ስኬቱንና ግቡን ደብተር ላይ ይጻፉ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ይለፉ። ለውጡን ደግሞ በእርስዎም በኮምፒዩተሩም ዓምድ ላይ እኩል ያስገቡ። ብዙ ሰው የራሱን ዓምድ ብቻ ነክቶ “ጌሙ ያጭበረብራል” የሚለው እዚህ ላይ ነው።

የሩጫ ፍጥነትን ከ45 በታች ባያወርዱት እንመክራለን። ሁሉም ሲዘገይ በፈጣኑና በቀርፋፋው መካከል ያለው ልዩነት ይጠብባል፤ የክንፍ አጥቂዎ ከመሐል ተከላካዩ ማምለጥ ያቅተዋል። በረኛውን የመጨረሻ ይንኩት። 70 ካደረሱት ከርቀት መምታት ዋጋ ያጣና ሁሉም ኳስ እየገፋ ሳጥን ውስጥ ለመግባት ይሞክራል፤ ያ ደግሞ ሌላ ካርቱን ነው።

የግማሹን ርዝመትም አይርሱ። አንዱ ግማሽ 4 ደቂቃ ከሆነ 90 ደቂቃው በ8 ደቂቃ ይታመቃል፤ ኳስ ወደ ኋላ መመለስ እንደ ኪሳራ ይቆጠራል። 10 ደቂቃ ሲያደርጉት ቅብብል ትርጉም ያገኛል። ያኔም ቢሆን የፓሱን ብዛት ከእውነተኛ ጨዋታ ጋር አያወዳድሩ፤ የሚወዳደረው የስኬቱ መቶኛ ነው።

ጥያቄ፦ ኦንላይን ስጫወት ስላይደሩ አይሠራም። በዚያ ላይ ተከላካዬ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይገባና ፋውል ይሠራል። ኢንተርኔቴ ፈጣን ነው፤ ታዲያ ምን ጎደለ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በኦንላይን የደረጃ ውድድር ስላይደር የሚዘጋው ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ዓይነት ቅንብር እንዲጫወቱ ነው፤ እሱን ይተዉት። የመዘግየቱ ነገር ግን በከፊል በእጅዎ ነው።

የኢንተርኔት “ፍጥነት” የሚባለው በሴኮንድ የሚያልፈው የዳታ ብዛት ነው። ለኳስ ጨዋታ የሚያስፈልገው ግን ትእዛዝዎ ሰርቨሩ (ግጥሚያውን የሚያስተናግደው የሩቅ ኮምፒዩተር) ጋ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ፣ ፒንግ የሚሉት ነው። በሴኮንድ 9 ሜትር የሚሮጥ አጥቂ በ100 ሚሊሴኮንድ ውስጥ 90 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። እርስዎ ታክል ሲጫኑ ኳሷ ካዩት ቦታ አንድ እርምጃ አልፋለች፤ እግርዎ የሚያገኘው ቁርጭምጭሚቱን ነው። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ከሆነ ርቀቱ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ በፋይበር ውስጥ ብርሃን ራሱ ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ 50 ሚሊሴኮንድ ይፈልጋል። ከዚያ በታች ማንም ሊያወርድልዎ አይችልም። ሊያወርዱት የሚችሉት ከላይ የተጨመረውን ነው።

ራውተሩንና ኮንሶሉን (የጌም ማጫወቻውን) በኬብል ያገናኙ፤ ካት 5ኢ የሚባለው የኔትወርክ ኬብል ይበቃል። ኬብል ካልተቻለ ራውተሩ ያለበት ክፍል ገብተው 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ይጠቀሙ። በሚጫወቱበት ሰዓት ቤት ውስጥ ስልክ አፕዴት እንዳያደርግ፣ ቪዲዮ እንዳይጫን ያድርጉ፤ ፒንግ በየሴኮንዱ ከፍ ዝቅ የሚለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። ከፍ ዝቅ የሚል የ70 ሚሊሴኮንድ ፒንግ ደግሞ ከማይነቃነቅ 110 ይብሳል፤ የተረጋጋውን እጅ ይለምደዋል። ቴሌቪዥኑን ጌም ሞድ (ምስል ማሳመሪያውን የሚቀንሰው ቅንብር) ላይ ያድርጉት። ምስል ማሳመሪያው የሚጨምረውን መዘግየት ኔትወርክ ነው ብለው የሚታገሉ ሞልተዋል።

መከላከሉንም ለመዘግየቱ ያስተካክሉ፦ ታክል ከመጫን ይልቅ ፊት ለፊት ቆመው መንገዱን ይዝጉ፤ እግር የሚያስገቡት ኳሷ ከተጫዋቹ እግር ስትርቅ ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኛዬ በወዳጅነት ግጥሚያ “ማኑዋል” ለመጫወት ተስማማን። ሁለት ቀን ሞክረን አንድ ሦስት ፓስ መቀባበል አቃተን። እንተወው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አትተዉት፤ ሁሉንም በአንዴ ስለቀየራችሁት ነው። በአሲስትድ ጊዜ አቅጣጫውንም ኃይሉንም ጌሙ ያርምላችኋል፤ በማኑዋል የጆይስቲኩ አቅጣጫና አዝራሩን የያዛችሁበት ጊዜ ብቻ ነው የሚቆጠረው። የመሬት ፓስን ብቻ ወደ ሴሚ (ጌሙ በከፊል ብቻ ወደሚያርምበት) አውርዳችሁ፣ ሌላውን በአሲስትድ ትታችሁ አሥር ግጥሚያ ተጫወቱ። ቀጥሎ ሰንጣቂ ፓስን፣ ከዚያ ክሮስን፤ ምትን ለመጨረሻ አቆዩት። ከሁሉ በፊት ሩጫ አዝራሩን ልቀቁ። እየሮጡ የሚሰጡት ፓስ በማኑዋል ብዙ ጊዜ ይስታል፤ ቆም ብሎ፣ ሰውነትን ወደ ተቀባዩ አዙሮ የሚሰጠው ግን ይደርሳል። ሌላው ወገን በአሲስትድ ከገባ ደግሞ ውጤቱን አትቁጠሩት።