ለበቆሎ የተረጨ ፀረ-አረም ቀጣዩን ቦሎቄ ሲጎዳ

ከሜጫ ወረዳ የጻፉልን አርሶ አደር በቆጋ መስኖ ውስጥ ባለ አንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) ማሳቸው ላይ ክረምቱን በቆሎ ዘርተው አትራዚንና ኤስ-ሜቶላክሎር ያለበትን ፀረ-አረም ረጭተዋል፤ በቆሎውም መልካም ምርት ሰጥቷል። በኅዳር የዘሩት ቦሎቄ ግን ደኅና ከበቀለ በኋላ የታች ቅጠሎቹ ከጠርዛቸው ጀምረው ቢጫ እየሆኑና እየደረቁ ነው። ጉዳቱ የበረታው በማሳው ሁለት ጫፎችና ዓምና የኖራ ጆንያዎች በተራገፉበት መሐል ቦታ ላይ ነው። የጎረቤት ምክር ሰምተው ዩሪያ ጨምረዋል፤ ከሱቅም የፈንገስ መድኃኒት ገዝተው ረጭተዋል፤ ሁለቱም ለውጥ አላመጡም።

ጥርጣሬዬ በአትራዚን ላይ ነው። ኤስ-ሜቶላክሎር ቢሆን ኖሮ ቡቃያው ከአፈር ሲወጣ ጀምሮ ይጨማደድ ነበር፤ የናይትሮጅን እጥረት ቢሆን ደግሞ ቅጠሉ በሙሉ ይገረጣ ነበር እንጂ ጠርዙ ተለይቶ አይቃጠልም ነበር። አትራዚን ዘር እንዳይበቅል አያግድም። ከሥር በውሃ ተስቦ ይወጣና ቅጠሉ በብርሃን ምግብ የሚሠራበትን ሂደት ያቆማል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚጎዱት ብዙ ውሃ የሳቡት የታች ቅጠሎች ናቸው። በቆሎ መርዙን በራሱ ውስጥ ስለሚያመክነው ምንም አይሆንም። በማይፈልገው ሰብል ላይ ዩሪያ መበተን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ምልክቱን ሳያይ የፈንገስ መድኃኒት የሚሸጥ ነጋዴም በአርሶ አደሩ ላይ ኪሳራ ይጨምራል።

አትራዚን ለምን እስከ ኅዳር ቆየ የሚለው በደንብ ሊታወቅ ይገባል። ይህ ኬሚካል ከአፈር የሚጠፋው በሁለት መንገድ ነው፤ በአንድ በኩል ውሃና የአፈር አሲድነት ተጋግዘው አረም ወደማይገድል ውህድ ይለውጡታል፣ በሌላ በኩል የአፈር ረቂቅ ተሕዋስያን ይበሉታል። ሁለቱም ሥራ እርጥበትና ሙቀት ይሻል። አመቺ በሆነ አፈር ውስጥ ግማሹ በሁለት ወር ገደማ ይጠፋል፤ ዝናቡ ሲያቆምና የላዩ አፈር ሲደርቅ ግን ሂደቱ እጅግ ይዘገያል፤ በቆሎው ቆሞ በሚደርቅባቸው ሳምንታት የቀረው ኬሚካል ባለበት ይቆያል። የአካባቢው ቀይ አፈር አሲዳማ በመሆኑ በተፈጥሮው አትራዚንን ቶሎ ይሰብራል። ኖራ ሲጨመርበት አሲድነቱ ይቀንሳል፤ በዚህም መሰበሩ ይዘገያል፣ በአፈሩ ቅንጣት ላይ ተጣብቆ የነበረውም ኬሚካል ለሥር ይለቀቃል። ኖራ ለዚህ አፈር አስፈላጊ ነው፤ ችግሩ ተከምሮ መቅረቱና በእኩል አለመበተኑ ነው። በመሐል የታየው ጉዳት ይህን ይመስለኛል።

በጫፎቹ ላይ ያለው ጉዳት ግን የርጭት ስሕተት ነው። ረጪው ሲዞር እጁን ከመጭመቂያው ስለማያነሣ አንዱ ቦታ ሁለት ጊዜ ይረጫል። በርካሽ የሚሸጡት የፕላስቲክ ኖዝሎች (ፈሳሹ የሚወጣባቸው የመርጫው ጫፎች) ቀዳዳቸው ቶሎ ይሰፋል፤ ሲዘጉም በሽቦ የሚጎረጉሯቸው ብዙዎች ናቸው፤ ያን ጊዜ መጠኑ ከቁጥጥር ይወጣል። የተዘጋ ኖዝል በፍጹም በአፍ አይነፋም፤ በውሃ ይታጠብ፣ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ።

ለሚመጣው ክረምት 10 በ10 ሜትር ቦታ ለክተው በንጹሕ ውሃ ብቻ በተለመደው እርምጃዎ ይርጩ። 2 ሊትር ከወሰደ በሄክታር 200 ሊትር ማለት ነው፤ ባለ 20 ሊትሩ መርጫም የሄክታር አንድ አሥረኛ ይሸፍናል። የዕቃው መለያ በሄክታር 3 ሊትር ካዘዘ በአንድ ሙሌት 300 ሚሊ ሊትር፣ ለአንድ ቃዳም በጠቅላላው 750 ሚሊ ሊትር ብቻ ይገባል። በሃይላንድ ተቀድቶ መለያ የሌለው ኬሚካል አይግዙ፤ ምን እንደሆነም ስንት እንደሚጨመርም የሚነግርዎ የለም።

ጥርጣሬው እንዲረጋገጥ ከተጎዳው ቦታ፣ ደኅና ከሆነው ቦታና ፈጽሞ ካልተረጨ ድንበር 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ካለው አፈር ለየብቻ ወስደው በተቆረጠ ጀሪካን ቦሎቄ ይዝሩበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ፤ ጥላ ውስጥ ከሆነ የአትራዚን ምልክት ላይታይ ይችላል። ውሃ ከሥሩ እስኪፈስ አያጠጡ።

የተጎዳው ቦሎቄ በመድኃኒት አይድንም። በጫፎቹና በመሐሉ ያለውን ገልብጠው በጥልቀት ይረሱ፣ የተብላላ ፍግ ይቀላቅሉ፣ አፈሩንም በመስኖ እርጥብ ያድርጉት፤ በዚያ ቦታ በዚህ ወቅት በቆሎ እንጂ ሽንኩርት፣ ቲማቲም ወይም ስንዴ አይተኩበት። ከበቆሎ በኋላ በዚያው ዓመት ቦሎቄ ለመዝራት ካሰቡ አትራዚንን ትተው በቆሎው ገና አጭር ሳለ 2,4-ዲ የተባለውን ፀረ-አረም መርጨት ወይም በእጅ ማረም ይሻላል፤ 2,4-ዲ በአፈር ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ ነገር ግን ነፋስ ባለበት ሰዓት ከተረጨ የጎረቤትን ቲማቲም ያጣምማል። መርጫውን በመስኖ ቦይ ውስጥ አይጠቡ፤ ኖዝሉንም፣ ደግሜ እላለሁ፣ ከታጠበ በኋላ እንኳ ወደ አፍዎ አያስጠጉ።