ድራይስዴል ከሽፏል ወይስ ገና ነው? ለፊላደልፊያው ልጅ ረዘም ያለ መልስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ከስሩ የተጻፉትንም መልሶች አየሁ፤ ግማሹ ስድብ ነው። እስቲ እኔ ረዘም አድርጌ ልሞክር።

ሌሎችም እንዲከታተሉ ጥያቄህን ባጭሩ ላስቀምጠው። በኤን ኤች ኤል (የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ) ፊላደልፊያ ፍላየርስ በጃንዋሪ 2024 አጥቂውን ካተር ጎቲዬን ለአናሃይም ዳክስ ሰጥቶ ተከላካዩን ጄሚ ድራይስዴልን ወሰደ፤ በላዩ ላይም የ2025 ድራፍት (ክለቦች ወጣቶችን በተራ የሚመርጡበት) የሁለተኛ ዙር ምርጫ ተመረቀለት። ጎቲዬ በ2024-25 የውድድር ዓመት ለአናሃይም 82ቱንም ጨዋታ ተጫውቶ 20 ጎል አገባ። ድራይስዴል ግን አንዴ ይጎዳል፣ አንዴ ይሻለዋል፣ አንድ ቀን ድንቅ ነው፣ በማግስቱ ሜዳ ላይ መኖሩም አይታወቅ። ጓደኞችህ «ተበልተናል፣ ልጁም አይሆንም» ይሉሃል። አንተ ደግሞ በምን እንደምትመዝነው ግራ ገብቶሃል።

መልሴን ከፊት ላድርገው። ልጁ አልከሸፈም። ደርሷል ብዬም አልዋሽህም። ጓደኞችህ ግን ሁለት የተለያየ ሒሳብ አንድ ላይ እየደመሩ ነው። በልውውጡ ማን አተረፈ የሚለው የክለቦቹ ሒሳብ ነው። ልጁ እያደገ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ እሱ የሚለካው በልጁ ያለፈው ዓመት ነው፣ በምትኩ በሄደው ሰው አይለካም። ጎቲዬ ነገ 50 ጎል ቢያገባ ድራይስዴል ከጥግ ፓክ (በዱላ የሚመታውን ጠፍጣፋ ላስቲክ) የሚያወጣበት መንገድ አይሻሻልም፣ አይበላሽምም።

እኔ ኤድመንተን ነው የምኖረው። ሥራዬም የሰፈር የበረዶ ሜዳ ላይ ነው። በጨዋታ መሃል ዛምቦኒ እየነዳሁ በረዶውን አድሳለሁ፣ የመልበሻ ክፍል ቁልፍ እሰጣለሁ፣ የተረሳ ጓንት እሰበስባለሁ። አበሻ ጓደኞቼ «ያን ዱላ ይዘው የሚደባደቡበትን ነገር አሁንም ታያለህ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ከመስታወቱ ጀርባ ቆሜ ከትንንሽ ልጆች ጀምሮ ትልቅ ሊግ ሊገቡ እስከሚሞክሩት ድረስ ሲያድጉም ሲቀሩም አይቻለሁ፤ ወላጅና አሰልጣኝ ኮሪደር ላይ ሲጨቃጨቁም ሰምቻለሁ። እንደታዘብኩት ከሆነ ስለ ልጁ ዕድገት ከሁሉ ዘግይቶ የሚያውቀው ጎል የሚቆጥረው ወላጅ ነው።

የቴጅ ቶምፕሰንን ታሪክ አስታውስ። በጁላይ 2018 ሴንት ሉዊስ ብሉስ ራያን ኦራይሊን ከቡፋሎ ሲያመጣ በምትኩ ከሰጣቸው አንዱ ቶምፕሰን ነበር። ያኔ ገና 20 ዓመቱ ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ቀጭን፣ እጁና እግሩ ገና ያልተግባቡ ልጅ። በመጀመሪያው ዓመት ለቡፋሎ 65 ጨዋታ ተጫውቶ 7 ጎልና 5 አሲስት (ለጎል ማቀበል) ብቻ። በዚያው ዓመት ኦራይሊ ከሴንት ሉዊስ ጋር የሊጉን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን በላ፣ የፕሌይኦፉ (የጥሎ ማለፉ) ምርጥ ተጫዋች ሆኖ የኮን ስማይዝን ሽልማት ወሰደ፣ በመከላከል ጎበዝ ለሆነ አጥቂ የሚሰጠውን ሴልኪንም ደረበ። በቃ፣ ቡፋሎ ተዘረፈ ተባለ፤ ልጁም «ያ በኦራይሊ የመጣው» እየተባለ ቀረ። በሁለተኛው ዓመት ዋናው ሊግ ላይ አንድ ጨዋታ ተጫውቶ ትከሻው ተጎዳ። በሦስተኛው 38 ጨዋታ፣ 8 ጎል። እዚህ ላይ ጓደኞችህን ብትጠይቃቸው ምን ይሉህ ነበር?

ከዚያ ቡድኑን ዶን ግራናቶ ያዘው። ግራናቶ ልጁን ከጉርምስናው ጀምሮ፣ በአሜሪካ የወጣቶች ማሰልጠኛ ያውቀዋል። በ2021-22 ከክንፍ አንስቶ መሃል አደረገው፤ 38 ጎል አገባ። በቀጣዩ ዓመት 47 ጎል፣ 94 ነጥብ (ጎልና አሲስት ተደምሮ)። በዲሴምበር 2022 ኮሎምበስ ላይ በአንድ ምሽት አምስት ጎል ያገባውም እሱ ነው፤ አራቱን በመጀመሪያው ፔሬድ (ጨዋታው ሦስት ፔሬድ አለው)።

ይህን የምልህ «ታገስ፣ ሁሉም ቶምፕሰን ይሆናል» ለማለት አይደለም። አይሆንም። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ሹቱ በክፉዎቹ ዓመታትም ነበረ። በልምምድ ላይ የሚያዩት ሁሉ ያውቁት ነበር። ክንፍ ላይ ሆኖ ፓክ እስኪመጣለት ይጠብቃል፣ ሲመጣለትም ጥግ ላይ ተጣብቆ ነው። መሃል ሲገባ ፓኩን ራሱ ከኋላ ይዞ እየሮጠ መጣ። በልጁ ላይ ያለውን ነገር እና ቡድኑ ያስቀመጠበትን ቦታ ለይቶ ማየት ማለት ይህ ነው፤ የነጥብ ሰንጠረዥ ላይ ደግሞ ይህ አይጻፍም።

አሁን የኛን ቁስል ልንካ። ግሪፈን ራይንሃርት። ኤድመንተን ውስጥ ይህን ስም ስታነሳ ሰው ፊቱን ያጠቁራል። ልጁ እዚሁ ከተማችን ኦይል ኪንግስ የሚባለው የወጣቶች ቡድን አምበል ሆኖ በ2014 የወጣቶቹን ዋንጫ ሜሞሪያል ካፕን ያነሳ ተከላካይ ነው። በ2012 ድራፍት አራተኛ የተመረጠ። አይተነዋል፤ ከእኩዮቹ መሃል ጎልማሳ ሰው ይመስል ነበር። በ2015 ድራፍት ቀን የከተማችን ክለብ ኦይለርስ ከኒው ዮርክ አይላንደርስ ሊያመጡት 16ኛውንና 33ኛውን ምርጫ ሰጡ። አይላንደርስ በ16ኛው ማቲው ባርዛልን ወሰዱ። ባርዛል በመጀመሪያ ሙሉ ዓመቱ 85 ነጥብ አስመዝግቦ በ2018 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ራይንሃርት የኦይለርስን ማሊያ ለብሶ የተጫወተው 29 ጨዋታ ነው። በ2017 ቬጋስ ወሰደው፣ ከዚያ በኋላ ኤን ኤች ኤል ላይ አልታየም።

(ታናሽ ወንድሙ ሳም ራይንሃርት ደግሞ በ2024 ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ ላይ ፍሎሪዳን ባለ ዋንጫ ያደረገችውን ጎል እኛው ላይ አገባ። ይህች ከተማ ያን ቤተሰብ ምን እንደበደለችው እንጃ።)

እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ስለ ራይንሃርት ሲያወራ ባርዛልን ነው የሚያነሳው። ባርዛል ባይወለድስ ኖሮ? ራይንሃርት ያው ራይንሃርት ነበር። ፓክ ጥግ ሲገባበት፣ ሄዶ አንስቶ ዞር እስኪል አጥቂው ደርሶበታል። ወጣቶች ሊግ ላይ ይህን በቁመቱና በክንዱ ርዝመት ይሸፍነው ነበር። ላይኛው ሊግ ላይ ግን አጥቂዎቹ ፈጣን ናቸው፣ መሸፈኛው አልበቃውም። ይህንን ለማየት የባርዛልን ነጥብ መቁጠር አያስፈልግም ነበር፤ ሁለት ሦስት ጨዋታ እሱን ብቻ መከተል ይበቃ ነበር።

ወደ ልጅህ ልምጣ። ድራይስዴል በ2020 ድራፍት ስድስተኛ የተመረጠ ነው። በ2021-22፣ ገና በ19 ዓመቱ ጀምሮ፣ ለአናሃይም 81 ጨዋታ ተጫውቶ 32 ነጥብ ያዘ። ለዚያ ዕድሜ ተከላካይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ መከራው መጣ። በ2022 መኸር ላይ ትከሻው ተጎድቶ ዓመቱ በ8 ጨዋታ አለቀ። በቀጣዩ ዓመት ገና ሲጀምር እንደገና ተጎዳ፣ ሲመለስ ተሸጠ፣ ፊላደልፊያ ገብቶም ሳይቆይ ትከሻው ተመታ፣ ውድድሩ ካለቀ በኋላ ደግሞ ቀዶ ሕክምና። ሁለቱን ዓመት ደምረው፤ ከ164 ጨዋታ የተጫወተው 42 ነው። ያ ደግሞ ከ20 እስከ 22 ዓመቱ ያለው ጊዜ ነው፣ ተከላካይ ሥራውን የሚማርበት ዋናው ዕድሜ።

ተከላካይ ለምን ይዘገያል መሰለህ? አጥቂ ቢሳሳት ከኋላው ሰው አለ። ተከላካይ ሲሳሳት ከኋላው ያለው በረኛው ብቻ ነው። ስለዚህ አሰልጣኙ ይፈራል፣ ልጁም ይፈራል፣ ሲፈራ ደግሞ ፓኩን ዝም ብሎ በመስታወቱ ላይ ይወረውረዋል። ሆኪ ውስጥ ያረጁ ሰዎች «ተከላካይ 300 ጨዋታ ሳይሞላው አትፍረድበት» ይላሉ። ቁጥሩ ሕግ አይደለም፤ ድራይስዴል ግን ከ2024-25 በፊት ባሉት አራት ዓመታት የተጫወተው 150 እንኳ አልሞላም። በ2024-25 ግን 70 ጨዋታ ተጫወተ። ከ2022 ወዲህ ወጥ አድርጎ የተጫወተው የመጀመሪያ ዓመቱ ያ ነው። ስለዚህ እኔ የምቆጥርለት ከዚያ ጀምሮ ነው።

ምን ታያለህ ታዲያ? እኔ መጀመሪያ የማየው አንገቱን ነው። ፓክ ወደ ጥግ ሲወረወርና ሊያነሳ ሲሮጥ፣ ሳይደርስበት በፊት በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ያያል ወይ? ስንቴ ያያል? ያየ ልጅ ፓኩ ጋ ሲደርስ የት እንደሚሰጥ አስቀድሞ ያውቃል። ያላየ ልጅ ፓኩን ካነሳ በኋላ ነው ማሰብ የሚጀምረው፣ እስኪያስብ ድረስ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። የሰፈር ሜዳችን ላይ አሰልጣኞች ለአሥራዎቹ ልጆች ቀኑን ሙሉ የሚጮኹት ይህንኑ ነው። ድራይስዴል ላይ ይህ ነገር ከትከሻው ጋር ይያያዛል። ሁለት ሦስት ጊዜ የተመታ ሰው ጥግ ሲገባ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ምቱ ነው። በኔ ዓይን በ2024-25 ከገና በኋላ የነበረው ድራይስዴል ከኦክቶበሩ ይልቅ ተረጋግቶ ነበር፤ ፓኩን ቶሎ ይሰጥ ነበር።

ቀጥሎ የአሰልጣኙን እጅ ተመልከት። ቡድኑ በአንድ ጎል እየመራ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ማን ይገባል? አሰልጣኝ ለጋዜጠኛ ስለ ወጣት ልጅ ሲናገር ሁሌ ደግ ነው፤ እውነቱን የሚናገረው ያኔ በሩን ከፍቶ በሚያስገባው ሰው ነው። ፓወር ፕሌይ (ተቃራኒው በቅጣት ሰው ሲጎድለው) ላይ መግባቱ ብዙ አይንገርህ፣ ለእግሩ ፍጥነትና ለእጁ ሲሉ እዚያ ያስገቡታል። የተቃራኒው ምርጥ መስመር ሲገባ አብሮ ይላካል ወይስ ሮጦ ይቀየራል? እሱን ጻፍ።

ፕላስ ማይነሱን (እሱ ሜዳ ላይ እያለ ቡድኑ ያገባውና የገባበት ጎል ልዩነት) ተወው። የተበላሸ ቡድን ውስጥ ያለ ተከላካይ ማይነስ ነው፤ ይኸው ነው። አብሮት የሚሰለፈውን ጓደኛውን ግን አትተው። ጓደኛው በየሳምንቱ የሚቀያየርበት ልጅና ዓመቱን ሙሉ ከአንድ የበሰለ ሰው ጋር የሚጫወት ልጅ አንድ አይደሉም።

ስሕተቱንም ለይ። ሁሉም ወጣት ይሳሳታል። አዲስ ስሕተት የሚሠራ ልጅ እየሞከረ ነው። በኦክቶበር የሠራውን ስሕተት በማርች እዚያው ቦታ ላይ በዚያው መንገድ ከደገመው ግን፣ እሱ ነው የሚያሳስበው። ራይንሃርት ላይ ያየነው ይህንን ነበር።

በቴሌቪዥን ይህን ማየት ይከብዳል፣ ካሜራው ፓኩን ነው የሚከተለው። አንተ እዚያው ከተማው ውስጥ ነህ፤ አንድ ሁለት ጊዜ ከጎል ጀርባ ያለውን ከፍ ያለውን ርካሽ ወንበር ግዛና አንድ ፔሬድ ሙሉ እሱን ብቻ ተከተል። ጎል ቢገባም አትዙር። ይከብዳል፣ አውቃለሁ።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የፍላየርስ አሰልጣኝ ቶርቶሬላ በማርች 2025 ተባሯል፣ በዚያው ዓመት ሪክ ቶኬት ተተክቷል። አዲስ አሰልጣኝ አዲስ አሰላለፍ ይዞ ይመጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የበሰሉት ተከላካዮችም ግራ ይጋባሉ። ስለዚህ በኦክቶበር ከጓደኞችህ ጋር አትጨቃጨቅ። ከገና በኋላ ያለውን በ2024-25 ከገና በኋላ ከነበረው ጋር አወዳድር። ጤናው ተጠብቆ፣ ደቂቃ ተሰጥቶት፣ ከቋሚ ጓደኛ ጋር ተሰልፎ ያንኑ ፓክ እዚያው ጥግ ላይ እያስነጠቀ ካገኘኸው፣ ያኔ እኔም ከጓደኞችህ ጋር ነኝ።

ልውውጡን ማን አተረፈበት ለሚለው፣ ዛሬ ብትጠይቀኝ አናሃይም እላለሁ። ይህን በላቸውና ደስ ይበላቸው። ግን ጎቲዬ ለፍላየርስ አልፈርምም ብሎ እንደነበር አብረህ አስታውሳቸው፤ ክለቡ ተገዶ ነው የሸጠው፣ ተገዶ የሸጠ ሰው ደግሞ ዋጋ አይመርጥም። ድራይስዴል በዚያ ክርክር ውስጥ ምንም አላጠፋም።

ከዚያ ከርካሹ ወንበር ላይ ያየኸውን እዚሁ ጻፍልኝ። በተለይ አንገቱን። እዚህ የፍላየርስ ጨዋታ ሲጀመር እኔ ብዙ ጊዜ ዛምቦኒ ላይ ነኝ፤ በማግስቱ የማየው የጎሎቹን ቅንጭብ ነው፣ እዚያ ላይ ደግሞ እሱ የሚታየው ሲሳሳት ብቻ ነው።