በርሌስክ እና የራቁት ጭፈራ አንድ ናቸውን?

ጥያቄ፦ ለገጣፎ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። ውጭ አገር የምትኖረው የእህቴ ልጅ ለበርሌስክ ትርኢት የሚሆን በዶቃ ያጌጠ ቀሚስ እንድሰፋላት ጠየቀችኝ። ባለቤቴ ግን «ያው የራቁት ጭፈራ ነው» ይላል። ልዩነት አለውን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ባለቤትዎ ያለ ምክንያት አልተናገሩም፤ ሁለቱ በታሪክ ይዛመዳሉና። ሆኖም በርሌስክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ የታወቁ ድራማዎችንና ኦፔራዎችን በዘፈንና በቀልድ የሚያሽሟጥጥ ቲያትር ነበር። እንግሊዛዊቷ ሊዲያ ቶምፕሰን በ1868 እ.ኤ.አ. ቡድኗን ይዛ ኒው ዮርክ ከገባች በኋላ በአሜሪካ ተስፋፋ፤ ልብስን በዝግታ ማውለቅ የትርኢቱ ዋና መስህብ የሆነው ግን በ1920ዎቹ ገደማ ነው። የኒው ዮርክ ከተማ አስተዳደር በ1937 እነዚህን ቲያትር ቤቶች ዘጋ፤ ጥበቡ እንደገና ያንሰራራው በ1990ዎቹ ነው።

ዛሬ የበርሌስክ ተመልካች እንደ ማንኛውም ቲያትር ትኬት ቆርጦ ይገባል፤ ተዋናይቷም ገጸ ባሕርይ፣ ሙዚቃ፣ ቀልድና አልባሳት አዋህዳ አጭር ታሪክ ታቀርባለች፣ አብዛኛውን ጊዜም ፈጽማ አትራቆትም። በራቁት ጭፈራ ቤት ግን ገቢው በአመዛኙ ከደንበኞች ጉርሻና ለአንድ ሰው ብቻ ከሚቀርብ ጭፈራ ይገኛል። ሁለቱንም የሚሠሩ ስላሉ (በእኔ እምነት አንዱን ለማክበር ሌላውን ማዋረድ አያስፈልግም) ድንበሩ ሁልጊዜ ጥርት ያለ አይደለም።

ቀሚሱን ለመስፋት ከወሰኑ፣ በመድረክ ላይ ሌላ ሰው ሳያግዛት በቀላሉ መውለቅ ስላለበት፣ የትኛው ክፍል አስቀድሞ እንደሚወልቅ የእህትዎን ልጅ ይጠይቋት።