የጫማ ካርቶኑን እንዳለ ለግሬዲንግ አትላኪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት፤ ፎቶዎቹንም አንድ በአንድ አየኋቸው። ላላነበባችሁት፦ እህታችን ትንከባከባቸው የነበሩ አዛውንት አርፈዋል። ልጃቸው ቤቱን ሲያጸዳ የአባቱን የልጅነት የቤዝቦል ካርዶች ከነጫማ ካርቶናቸው ሰጥቷታል። ሁለት መቶ ያህል ናቸው። አብዛኞቹ በፈረንጆቹ ከ1955 እስከ 1959 ቶፕስ የሚባለው ካርድ አታሚ ድርጅት ያወጣቸው፣ የተጫዋቾች ምስል ያለባቸው ካርዶች ናቸው። አንድ ነጋዴ ለሁሉም 800 ዶላር ልስጥሽ ብሏታል። የሥራ ባልደረባዋ ደግሞ እንዳትሸጪ፣ ሁሉንም ግሬድ አስደርጊ ብላታለች፤ ማለትም ባለሙያዎች መርምረው የጥራት ደረጃ ሰጥተው በፕላስቲክ እንዲያሽጓቸው ላኪ። የቱን ላድርግ ነው ጥያቄዋ።

የእኔ መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም አታድርጊ። መጀመሪያ ያለሽን እወቂ። ስድሳ ዓመት የቆየ ካርቶን ሁለት ሳምንት ቢጨምር ምንም አይሆንም።

እኔ የድሮ ካርድ መሰብሰብ ከጀመርኩ አስራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ሜሪላንድ ውስጥ ፓርኪንግ ስሠራ አንድ ደንበኛ አንድ የ1959 ካርድ በስጦታ ሰጠኝ። ጥጎቹ የተበሉ፣ ዋጋው አስር ዶላር የማይሞላ ካርድ ነበር። አሁንም አለኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተምሬያለሁ፤ አንዳንዱን ግን ገንዘቤን ከፍዬ ነው የተማርኩት።

ከሁሉ በፊት ልጃቸውን አንድ ነገር ለምኚው። ሁለት መስመር ይጻፍልሽ፦ ካርዶቹ የአባቱ እንደነበሩ፣ ለአንቺ በስጦታ እንደሰጠሽ፣ ቀንና ፊርማ። በእንክብካቤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ከቤተሰብ ስጦታ ሲቀበል ነገሩ በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል። የቀጠረሽ ድርጅት ስጦታን በተመለከተ ደንብ ካለውም እዪው። ወረቀቱ ለሽያጭም ይጠቅምሻል። ካርዶቹ ከአንድ ልጅ እጅ ወደ ካርቶን፣ ከካርቶን ወደ አንቺ መምጣታቸውን ገዢው ሲያውቅ ልቡ ያርፋል።

ፎቶው ላይ አንዱ እሽግ በላስቲክ ታስሯል። ላስቲኩን አትጎትቺው፤ በመቀስ ቁረጪው። ደርቆ ካርዱ ላይ ከተጣበቀ ደግሞ አትላጪው፣ እንዳለ ተዪው። የዚያ ዘመን ልጆች ካርዶቻቸውን በተራ ቁጥር ደርድረው በላስቲክ ያስሩ ነበር። ስለዚህ ከላይ የሚውለው ቁጥር 1 ሁልጊዜ ተጎጂ ነው። የ1952 ቶፕስ ቁጥር 1 አንዲ ፓፍኮ ነው። ከታላላቆቹ ተርታ የሚጠራ ተጫዋች አይደለም። ካርዱ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ግን በጣም ውድ ነው፤ ምክንያቱም ላስቲክ ያልበላው ፓፍኮ ማግኘት ከባድ ነው።

በካርቶንሽ ውስጥ የ1952 ካርድ አላየሁም። ሰው ሁሉ የሚያወራው ግን ስለዚያ ዓመት ስለሆነ ባጭሩ ልንገርሽ። የዚያ ዓመት ስብስብ 407 ካርዶች ነበሩት። የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ዘግይተው ወጡ፤ የጨዋታው ወቅት እያለቀ ስለነበር ብዙ አልተሸጡም። የተረፈው መጋዘን ሞልቶ ቆየ። የቶፕስ ሰው የነበረው ሳይ በርገር ራሱ እንደተናገረው፣ በ1960 ካርቶኖቹን ጀልባ ላይ አስጭኖ ከኒው ጀርሲ ዳርቻ ርቆ ውቅያኖስ ውስጥ ጣላቸው። ከእነዚያ ቁጥሮች አንዱ 311፣ ታላቁ ተጫዋች ሚኪ ማንትል ነው። ኦገስት 2022 ላይ ከ10 የ9.5 ደረጃ የተሰጠው አንድ የማንትል ካርድ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር በሐራጅ ተሸጠ። የእኛ ካርዶች በዚህ ዓለም ውስጥ አይደሉም። ግን ቀላልም አይደሉም።

አሁን ጠረጴዛሽን አጽጂ፣ እጅሽን ታጠቢና አድርቂ፣ ካርዶቹን በየዓመታቸው ለዪ። ካርዱን በጠርዙ ያዢ። ቁጥሩ ከጀርባው አለ። ማንትልን በ1956 ቁጥር 135፣ በ1957 ቁጥር 95፣ በ1958 ቁጥር 150፣ በ1959 ቁጥር 10 ላይ ፈልጊ። በ1955 ቶፕስ ውስጥ ማንትል የለም፤ አትድከሚ። ከ1955ቱ ሳንዲ ኮፋክስን ቁጥር 123 ላይ ፈልጊ፤ የመጀመሪያ ካርዱ ነው። የ1957ቱ ሃንክ አሮን ቁጥር 20 ነው። ምስሉ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ነው የታተመው፤ በቀኝ የሚመታው ሰው በግራ የሚመታ ይመስላል። ፎርጅድ ነው ብለሽ እንዳትጥዪው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው።

ሦስተኛው ፎቶ ላይ ደግሞ፣ ከታች በስተቀኝ፣ አግድም የተሠራ አረንጓዴማ ካርድ አለ። ብርሃኑ ቢያስቸግርም ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ይመስለኛል። ጀርባው ላይ ቁጥር 164 ካለ ሌላውን ሥራ ሁሉ አቁመሽ መጀመሪያ ለብቻው አስቀምጪው። የ1955 ክሌሜንቴ የመጀመሪያ ካርዱ ነው፤ ተጎድቶም ቢሆን ነጋዴው ከጠራልሽ ገንዘብ ሊስተካከል ወይም ሊበልጥ ይችላል።

ስለ ክሌሜንቴ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የፖርቶ ሪኮ ልጅ ነው። ሙሉ ዘመኑን ለፒትስበርግ ፓይሬትስ ተጫወተ፤ ልክ 3000 ሂት (የተሳካ ምት) ላይ አበቃ። ዲሴምበር 31 ቀን 1972 ኒካራጓ ውስጥ በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ ሰዎች እርዳታ ይዞ ሲበር አውሮፕላኑ ባሕር ላይ ወደቀና ሞተ። 38 ዓመቱ ነበር። በ1955ቱ ካርድ ላይ ስሙ «ሮቤርቶ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ከ1957 እስከ 1969 ግን ቶፕስ «ቦብ» እያለ አተመው። እሱ ደግሞ በስሙ መጠራት ነበር የሚፈልገው። ሥራ ቦታ ስማችን ተቆርጦ ሌላ ስም የተለጠፈብን ብዙዎች ነን፤ ለዚህ ነው የ1955ቱን ካርድ ሳይ ዝም ብዬ የማላልፈው።

ቀጥሎ ማስመሪያ ያዢ። የ1955ና የ1956 ቶፕስ በግምት 66.7 በ95.3 ሚሊሜትር ነው። ከ1957 ጀምሮ አነሰና 63.5 በ88.9 ሚሊሜትር ሆነ፤ እስከ ዛሬም ያ ነው መደበኛው ልክ። ይህን ማወቅ ከብዙ ነገር ያድናል። ለምሳሌ ቶፕስ ራሱ በ1983 የ1952ቱን ስብስብ እንደገና አትሟል፤ ያኛው ግን በትንሹ ልክ ነው፣ ጀርባውም ላይ ድጋሚ ሕትመት መሆኑ ተጽፏል። ሰዎች እሱን አግኝተው ሀብታም የሆኑ ይመስላቸዋል። ጥርጣሬ ካለሽ ወርቅ ሠሪዎች የሚይዙትን 10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ግዢ። በእውነተኛው ካርድ ላይ ጥቁር ፊደልና መስመር ድፍን ሆኖ ይታያል። ፎቶ ተነስቶ በተባዛው ላይ ፊደሉም ጭምር በትናንሽ ነጠብጣብ ተበትኖ ታዪዋለሽ።

ማስመሪያ ያልያዝኩበትን ቀን ልንገርሽ። አንድ የካርድ ትርኢት ላይ የ1956 ቴድ ዊሊያምስ፣ ቁጥር 5፣ ገዛሁ። 300 ዶላር ከፈልኩ። ጠርዞቹ ስለት ይመስሉ ነበር፤ ጥጎቹም ሹል። ደስታዬ ሌላ ነበር። ከሌሎች 13 ካርዶች ጋር ለግሬዲንግ ላክሁት። ሲመለስ የደረጃ ቁጥር አልተሰጠውም፤ ጠርዙ ተቆርጧል የሚል ብቻ ተጽፎበታል። ቤት ስለካው ከአንዱ ጎን አንድ ሚሊሜትር ያህል ጎድሎታል። አንድ ሰው የተበላውን ጥግ ለመደበቅ በምላጭ አስተካክሎት ነበር። ከቀሩት 13ቱ ዘጠኙ ለግሬዲንግ የከፈልኩትን እንኳ አላወጡም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልለካ አልገዛም፣ ሳላሰላም አልልክም።

ጠርዝ የመቁረጥ ነገር ትልልቆቹንም አሳስቷል። ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ጋር ይሰጥ በነበረው፣ ቲ206 በሚባለው የካርድ ስብስብ ውስጥ ሆነስ ዋግነር የሚባል ካርድ አለ፤ ከሁሉም የታወቀው እሱ ነው። ፒኤስኤ የሚባለው ድርጅት በ1991 ሲጀምር ደረጃ የሰጠው የመጀመሪያው ካርድ አንድ ዋግነር ነበር፤ 8 አገኘ። ካርዱን ቀደም ብሎ ይዞት የነበረው የሐራጅ ነጋዴ በ2013 ፍርድ ቤት ጥፋተኝነቱን ሲያምን ጠርዙን መቁረጡንም አመነ። ስለዚህ በታሸገው ፕላስቲክ ላይ ያለው ቁጥር የባለሙያ አስተያየት ነው። ክብደት አለው፤ ዓይንሽን ግን አይተካልሽም።

ደረጃው ከ1 እስከ 10 ነው። አራት ነገር ያያሉ፦ ጥግ፣ ጠርዝ፣ ገጽ፣ እና ምስሉ መሃል ላይ መሆኑን። ይህን የመጨረሻውን ራስሽ ለኪው። የግራው ነጭ ክፈፍ 2 ሚሊሜትር፣ የቀኙ 3 ከሆነ 40 ለ60 ነው፤ ለዚያ ዘመን መጥፎ አይደለም። ከላይና ከታችም እንደዚያው ለኪ። ጥጉን በመነጽሩ እዪ። ገጹን ለማየት ግን ክፍሉን አጨልሚ፣ የስልክሽን መብራት ከጎን አድርጊ፣ ካርዱን ቀስ እያልሽ አዘንብዪው። ፊት ለፊት የማይታይ እጥፋት በዚያ ብርሃን እንደ ፀጉር ብቅ ይላል። ጀርባውንም እንዲሁ። ይህን ሳታደርጊ 7 ያገኛል ያልሽው ካርድ በአንዲት ቀጭን እጥፋት 4 ሆኖ ይመጣል። እኔ ላይ ብዙ ጊዜ ደርሷል። ጀርባው ላይ አብሮት ታሽጎ ይሸጥ የነበረው የማስቲካ ቅባት ወይም የእስክሪብቶ ጽሑፍ ካለም ይቆጠራል።

እባክሽ አታጽጂያቸው። ላጲስ አይነካቸው፣ እርጥብ ጨርቅም። የታጠፈውን ለማቃናት ከባድ መጽሐፍ ሥር አታድርጊ። የደበዘዘውን ጠርዝ ቀለም አትቀቢ። ለአሮጌ ካርድ የተበላ ጥግ ነውር አይደለም፤ ልጅ ስለተጫወተበት ነው። የተነካካ ካርድ ነው ዋጋ የሚያጣው።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ስሌቱ ቀላል ነው። የግሬዲንግ ክፍያ፣ መላኪያና ኢንሹራንስ ሲደመር ለአንድ ካርድ በአስር የሚቆጠር ዶላር ነው፤ ካርዱ ውድ ከሆነ ክፍያውም ይጨምራል። 15 ዶላር የሚያወጣ ተራ ተጫዋች ልከሽ 5 ቢያገኝ አሁንም ያው ነው። ኢቤይ ላይ ገብተሽ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን ምረጪ። ሰው የጠየቀውን ዋጋ አትዪ፤ የተከፈለውን እዪ። ያልተገመገመው ስንት፣ 3 ያገኘው ስንት፣ 5 ያገኘው ስንት? ከራስሽ ግምት አንድ ደረጃ ቀንሺና ልዩነቱ ከወጪው በደንብ ከበለጠ ላኪ። እኔ ባየሁት ከካርቶንሽ ለመላክ የሚበቁት ከስድስት እስከ አስር ቢሆኑ ነው። ክሌሜንቴው እውነተኛ ከሆነ ደረጃው 2 ቢሆንም ይላክ፤ ለእሱ እውነተኛነቱ ራሱ ገንዘብ ነው።

ለማን? ፒኤስኤ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ የተሻለ ዋጋ ያመጣል። ሌላው ደረጃ ሰጪ ኤስጂሲ ለድሮ ካርድ ጥሩ ስም አለው፤ የሚያሽግበት ፕላስቲክ ጥቁር ክፈፍ ደግሞ አሮጌ ካርድ ላይ ያምራል። በ2024 የፒኤስኤ ባለቤት ድርጅት ኤስጂሲን ገዝቶታል። ለአንቺ፣ ለመሸጥ ካሰብሽ ፒኤስኤ እላለሁ። ከመላክሽ በፊት የእያንዳንዱን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንሺ። ካርዱን በስስ ፕላስቲክ፣ ከዚያ ለስለስ ባለው መያዣ አድርጊው። ጠንካራውን ፕላስቲክ ተዪው፤ ካርዱን ሲያወጡት ሊጎዱት ይችላሉ።

ነጋዴውን ሌባ ነው አልልም። ትርፍ ማግኘት አለበት፤ ከገበያው ግማሽ ቢሰጥም ያለ ነው። ግን አንቺ ሳታውቂ እሱ ብቻ አውቆ መገበያየት የለባችሁም። ዝርዝርሽን ከያዝሽ በኋላ የተራ ተጫዋቾቹን ክምር ለእሱ መሸጥ ትችያለሽ።

እስከዚያ ካርቶኑን ቤዝመንት አታስገቢው፤ እርጥበት ወረቀት ያበላሻል። ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍልም አይሁን፤ ጭሱና ሽታው ወረቀቱ ላይ ይቀራል። የመኝታ ቤት ቁም ሣጥን ይበቃል።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። አራተኛው ፎቶ ላይ የ1957 ቼክሊስት አለ፤ ልጆች ያላቸውን ካርድ የሚቆጣጠሩበት ዝርዝር ነው። ንጹሕ ከሆነ ውድ ነው። ያንቺው ግን ከላይ እስከ ታች በእርሳስ ራይት ተደርጎበታል፣ ስለዚህ ብዙ አያወጣም። ራይት ያደረጉት እነዚያ አዛውንት ናቸው፤ ያኔ ልጅ ነበሩ። እሱን ለልጃቸው መልሺለት። የክሌሜንቴውን ጀርባ ደግሞ ዛሬ ማታ የቀን ብርሃን በሚመስል አምፖል አንሺና እዚህ ለጥፊው፤ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።