አይጧ በማን አፍንጫ አሸተተች?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ደብረ ብርሃን የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። አብሮኝ ከሚኖረው ጓደኛዬ ጋር በሁለት ነገር ተጨቃጭቀናል። የአይጥና የአይጠመጎጥ ቅልቅል አንጎል ተሠራ ሲባል ሰምቶ «ያው በቅሎ ነዋ!» ይላል። ደግሞ እኔ የምጠቀመው ደቢያን (ከሊኑክስ ሥርዓተ ክወናዎች አንዱ) ሲስተምዲ የሚባል ፕሮግራም ስላለበት «ሊኑክስ አይባልም» ብሎ፣ ላፕቶፔ ላይ ሲስተምዲ የሌለበትን ዴቭዋን ካልጫንኩ እያለ ነው። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ በበቅሎዋ እንጀምር። መንዝ ገበያ የምታያት በቅሎ እያንዳንዱ ህዋሷ ውስጥ ፈረስም አህያም አለ። ፈረስ 64 ክሮሞዞም (የዘር መረጃ የሚሸከም የህዋስ ክፍል)፣ አህያ 62፣ እሷ 63። እዚያው ከተማችሁ የምርምር ማዕከሉ ያዳቀላቸው የአዋሲና የመንዝ በጎችም በዚህ በኩል እንደዚያው ናቸው፤ ሁለቱ ወላጆች በአንድ ህዋስ ውስጥ ይገናኛሉ።

አይጧ ግን ሌላ ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 የተመራማሪዋ የክሪስቲን ባልድዊን ቡድን ሴል መጽሔት ላይ ባወጣው ሥራ፣ የአይጠመጎጥ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ ማደግ የሚችል ህዋስ) ገና ጥቂት ቀን በሆነው የአይጥ ፅንስ ውስጥ ተጨመረ። የተወለደችው አይጥ አንጎል ውስጥ ንጹህ የአይጥና ንጹህ የአይጠመጎጥ ህዋሶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይነጋገራሉ እንጂ አልተዳቀሉም። ከዚያ የአይጦቹን የራሳቸውን የማሽተት ነርቮች በሁለት መንገድ ከሥራ ውጭ አደረጉ፤ በአንደኞቹ ነርቮቹ ቦታቸው ላይ እያሉ ዝም እንዲሉ፣ በሌሎቹ ደግሞ ገና ሲያድጉ ጭራሽ እንዲጠፉ። ብስኩት ደብቀው ለቀቋቸው። የራሳቸው ነርቭ ጭራሽ የጠፋባቸው በአይጠመጎጡ ነርቭ አሽተው በቀላሉ አገኙት፣ ዝም ያሉት ነርቮች ቦታ የያዙባቸው ግን ተቸገሩ። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። (የማይሠራ ሰው ወንበር ይዞ የተቀመጠበት ቢሮ ጉዳይ የነበረው ሁሉ ይገባዋል።)

በዚያው ጊዜ የወጣው የሌላው ተመራማሪ የጁን ዉ ቡድን ሥራም አለ። አይጥ ውስጥ ያደገው የአይጠመጎጥ የፊት አንጎል በአይጥ መጠንና በአይጥ ፍጥነት ነው ያደገው። ስለዚህ ጭንቅላቷ ያበጠ አይጥ አትጠብቁ።

ወደ ጠባችሁ ስመጣ፣ ጓደኛህ ተሳስቷል። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ከርነሉን፣ ማለትም የሥርዓተ ክወናውን እምብርት ነው፤ እሱ ደግሞ ደቢያንም ዴቭዋንም ውስጥ አለ። ሲስተምዲ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከርነሉ ቀድሞ የሚያስነሳውና ሌላውን ሁሉ የሚያስጀምረው ፕሮግራም ነው። ደቢያን እ.ኤ.አ. በ2014 ሲመርጠው ያኮረፉት ተገንጥለው ዴቭዋንን መሠረቱ። ቅሬታቸው ከንቱ አይደለም፤ ሎጉንም (የክንውን መዝገቡን)፣ የተጠቃሚ መግቢያውንም፣ ኔትወርኩንም አንድ ፕሮጀክት ሲጠቀልለው እኔም ደስ አይለኝም። ግን ዴቭዋን አብዛኛውን ፓኬጅ (ተዘጋጅቶ የሚጫን ፕሮግራም) እንዳለ የሚወስደው ከማን መሰለህ? ከደቢያን! በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይሉሃል ይሄ ነው።

ላፕቶፕህን ግን አይንካብህ። ካማረህ ዴቭዋንን ፍላሽ ላይ አድርገህ ሳትጭነው አስነሳውና እየው፣ ዋይፋዩ ይሠራል ወይ፣ አማርኛ ኪቦርዱስ? እንጫን ካላችሁም መጀመሪያ ፕሮጀክትህን ሌላ ቦታ ገልብጥ።