ስፒንድሉን ከመፍታትዎ በፊት የጠረጴዛውን ዳዶ ይመልከቱ

ለገጣፎ አካባቢ በግቢያቸው አነስተኛ ወርክሾፕ ያደራጁ አንባቢ ከአንድ ከተዘጋ የብረታ ብረት ድርጅት ያገለገለ ቨርቲካል ሚሊንግ ማሽን (ብረትን በሚዞር መቁረጫ የሚቀርጽ ማሽን) ገዝተዋል። ማሽኑ ቀዳዳ ሲበሳ ንጹሕ ሥራ ይሠራል፤ ጠረጴዛው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየሄደ ሲቆርጥ ግን ይንዘፈዘፋል፣ በተቆረጠው ገጽ ላይ ሞገድ ይተዋል፣ አንዳንዴም ጠረጴዛው በድንገት ዘልሎ ኤንድ ሚሉን፣ ማለትም የሚዞረውን መቁረጫ፣ ይሰብረዋል። እጀታው መሃል ላይ ይቀላል፣ ዳርና ዳር ላይ ይከብዳል። ሽፋኑን ሲከፍቱም በጠረጴዛው ቪቴ (እጀታው ሲዞር ጠረጴዛውን በሚያንቀሳቅሰው ረጅም ብሎን) ላይ የጠቆረ ደረቅ ግራሶ አግኝተዋል። ማሽኑን ያየላቸው ባለሙያ የስፒንድሉ (መቁረጫውን የሚያዞረው ዘንግ) ኩሽኔታዎች አልቀዋልና ይቀየሩ ስላላቸው፣ ገንዘቡን ከማውጣታቸው በፊት ምክር ይጠይቃሉ።

ኩሽኔታውን አሁን አይግዙ። የስፒንድል ኩሽኔታ ያለቀበት ማሽን ሥራው የሚበላሸው በሁሉም አቅጣጫ ነው፤ የሚበሳው ቀዳዳ ይሰፋል፣ ስፒንድሉም ጥቂት እንደሠራ ይግላል፣ ይጮኻል። የእርስዎ ማሽን ግን ቀዳዳውን በንጽሕና ይበሳል፤ ችግሩ የሚታየውም ጠረጴዛው ወደ ጎን ሲሄድ ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ጥርጣሬዬን ወደ ጠረጴዛው ያዞረው ያ የጠቆረ ግራሶ ነው። የዚህ ዓይነት ማሽን መንሸራተቻና ቪቴ የሚለሰልሰው ከትንሽ የእጅ ፓምፕ ተነሥቶ በቀጫጭን ቱቦዎች በሚደርስ ዘይት እንጂ በግራሶ አይደለም። ከቀድሞ ባለቤቶቹ አንዱ ፓምፑ ሲበላሽበት በዘይቱ መግቢያ በኩል ግራሶ ሳይሞላበት አልቀረም። ግራሶው ቱቦዎቹን ደፈነ፤ ጠረጴዛው ያለ ዘይት ሲሄድ ኖረ፤ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው መሃል ላይ ስለሆነም ቪቴውና መንሸራተቻው መሃላቸው አለቀ። ከዚያ ሌላ ሰው መጥቶ የላላውን ጠረጴዛ ሽብልቁን (በጠረጴዛውና በመንሸራተቻው መካከል ገብቶ ልቅነት የሚያጠፋውን ሾጣጣ ብረት) አጥብቆ «ጠገነው»፤ ያላለቁት ዳርና ዳሩም በዚያው ተያዙ። የእጀታው ዳር ላይ መክበድ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ማንኛውንም ሽፋን ከመክፈትዎ በፊት ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም። በላኩልን ፎቶግራፍ ላይ እንደሚታየው ሞተሩ የሚነሣው ግድግዳ ላይ ለአምፖል በሚገጠም ተራ ማብሪያ ነው። እንዲህ የተሠራ ማሽን መብራት ሄዶ ሲመለስ ማንም ሳይነካው ራሱ ይነሣል። በእኛ አካባቢ ደግሞ መብራት መቼ እንደሚመለስ የሚነግርዎ የለም፤ ማሽኑ ቆሟል ብለው ኤንድ ሚል ሊቀይሩ እጅዎን ሲያስገቡ ሊመለስ ይችላል። ትክክለኛው መሣሪያ ኦቨርሎድ (ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት የሚያጠፋ መከላከያ) ያለው ማግኔቲክ ኮንታክተር ነው፤ መብራት ሲቋረጥ ይለቅቃል፣ ሲመለስም የማስነሻው ቁልፍ ዳግመኛ ካልተጫነ ሞተሩን አያስነሣም። ቤትዎ ሲንግል ፌዝ ስለሆነ ኮይሉ (ኮንታክተሩን የሚስበው ጥቅል ሽቦ) 220 ቮልት የሆነውን ይግዙና በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስገጥሙ። ከኩሽኔታም ከኤንድ ሚልም በፊት የሚገዛው ይህ ነው።

ቀጥሎ ይለኩ። ዳያል ኢንዲኬተሩን (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳየውን መለኪያ) በማግኔት መቆሚያው ከጠረጴዛው ሥር ባለው ሳድል (ጠረጴዛውን ተሸክሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚሄደው ክፍል) ላይ ያቁሙና ጫፉን ጠረጴዛው ላይ በታሰረ ብሎክ ላይ ያሳርፉ። እጀታውን በአንድ አቅጣጫ እያዞሩ መርፌው ሲሄድ ያቁሙና የእጀታውን ቀለበት ዜሮ ያድርጉት፤ ከዚያ መርፌው በተቃራኒው መሄድ እስኪጀምር ድረስ በዝግታ ወደኋላ ያዙሩ። ቀለበቱ ላይ የሚያነቡት ባዶ ጉዞው፣ ማለትም ጠረጴዛው ሳይንቀሳቀስ እጀታው የሚዞርበት መጠን፣ ነው። ይህንኑ በግራ ዳር፣ መሃል ላይና በቀኝ ዳር ይድገሙና ይጻፉት። ዳር ላይ የሚገኘው በአብዛኛው የዳዶው (ቪቴው በውስጡ የሚዞርበት ጥርስ ያለው ብረት) ማለቅ ነው፤ መሃሉ ከዳሩ የሚበልጥበት ልዩነት ደግሞ የቪቴው ነው። ዳር ላይ 0.35፣ መሃል ላይ 0.6 ሚሊ ሜትር ቢያነቡ የቪቴው ድርሻ 0.25 ነው ማለት ነው። ከዚህ በፊት ግን ጠረጴዛውን በእጅዎ ይግፉና ይሳቡ፤ ቪቴው ሳይንቀሳቀስ በጠረጴዛውና በእጀታው መካከል ያለው ክፍተት የሚሰፋና የሚጠብ ከሆነ የጫፉ ኩሽኔታ ማጥበቂያ ላልቷል፤ እርሱን ማጥበቅ ምንም ወጪ የለውም፣ ንባቡንም ሊቀንሰው ይችላል።

ባዶ ጉዞ ኤንድ ሚል እንዴት እንደሚሰብር ብዙ ዓመት በማሽን ላይ የቆሙ ሰዎች እንኳ ሲስቱት ስለማይ፣ እዚህ ላይ ዘርዘር አድርጌ ባስረዳ ይሻላል። የቪቴውና የዳዶው ጥርሶች በአንድ ጊዜ የሚነካኩት በአንድ ጎናቸው ብቻ ነው፤ ጠረጴዛው ወደ ቀኝ ሲሄድ በአንደኛው፣ ወደ ግራ ሲሄድ በሌላኛው። ባዶ ጉዞ የምንለው በማይነካው ጎን በኩል የቀረውን ክፍተት ነው። የኤንድ ሚሉ ጥርስ ሥራውን የሚገፋው ጠረጴዛው ከሚሄድበት በተቃራኒ ሲሆን፣ የመቁረጡ ኃይል ጥርሶቹን በዚያው በሚነካኩበት ጎን ላይ ይበልጥ ያጣብቃቸዋል፤ ስለዚህ ክፍተቱ ቢኖርም ጉዳት አያደርስም። ጥርሱ የሚገፋው ጠረጴዛው ወደሚሄድበት ወደዚያው ሲሆን ግን ኤንድ ሚሉ ሥራውን ወደ ራሱ ይስባል፣ ጠረጴዛውም እጀታው ሳይነካ በክፍተቱ ልክ ይወረወራል። ዳገት የሚወጣ የፈረስ ጋሪ ማሰሪያው ተወጥሮ በሥርዓት ይሄዳል፤ ቁልቁለት ሲጀምር ጋሪው ራሱ ይንደረደርና ማሰሪያው በላላበት ልክ ፈረሱን ከኋላ ይገፈትረዋል። በቁጥር እንየው፤ ባለ 12 ሚሊ ሜትርና ባለ 4 ጥርስ ኤንድ ሚል በደቂቃ 600 ዙር እየዞረ ጠረጴዛው በደቂቃ 120 ሚሊ ሜትር ቢሄድ፣ እያንዳንዱ ጥርስ የሚነክሰው 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። ጠረጴዛው በድንገት 0.6 ሲዘል ቀጣዩን ጥርስ የሚጠብቀው 0.05 ሳይሆን 0.65 ነው፤ 13 እጥፍ ማለት ነው። በካርቶኑ ላይ ኮባልት ተብሎ የተጻፈበት፣ በሞረድ ሲነኩት የሚፋቀው ርካሽ ኤንድ ሚል ቀርቶ ደኅናውም ይህን አይችልም። የሚሰበረው «አንዳንዴ» የሆነውም አንዱን ጎን ቆርጠው ሲመለሱ ሳያስቡት በዚህ አቅጣጫ ስለሚቆርጡ ይመስለኛል። ሞገዱም የሚወጣው ጠረጴዛው በዚያው ክፍተት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስለሚል ነው።

አሁን ወደ መፍታቱ እንግባ፤ ሶኬቱ ተነቅሎ ሊያዩት በሚችሉበት ቦታ ይቀመጥ። የጫፍ ደጋፊዎቹን፣ ቪቴውንና ሽብልቁን ካወጡ በኋላ ጠረጴዛው ወደ አንድ ጎን ተንሸራትቶ ይወጣል፤ ክብደቱ የወገብ ጠላት ስለሆነ በሰንሰለት ማንሻ ያንጠልጥሉት እንጂ ከጎረቤት ጋር ተጋግዘው ለማውረድ አይሞክሩ። ግራሶውን በነጭ ጋዝ አለስልሰው በእንጨት ይፋቁት። ቱቦዎቹን ፈትተው በነጭ ጋዝ ይዘፍዝፏቸውና የሰፈርዎ ጎሚስታ ቤት ወስደው በአየር ያስነፏቸው፤ ያልተከፈተውን ይቀይሩ። በየቱቦው ጫፍ ያሉት የዘይት መመጠኛዎች በውስጣቸው ማጣሪያ ስላላቸው አንዴ ግራሶ ከገባባቸው ታጥበው አይድኑም። አንዳንዱ «ቀዳዳው ጠበበ» ብሎ በፑንታ ያሰፋቸዋል፤ የሰፋው አንዱ መመጠኛ ዘይቱን ሁሉ ለብቻው ይወስድና ሌሎቹ ይደርቃሉ። በእንዲህ ዓይነቱ ጥገና ምክንያት የሞተ ማሽን ያላየ ባለሙያ ያለ አይመስለኝም። ዘይቱ ለማሽን መንሸራተቻ የተሠራው ቁጥር 68 ይሁን፤ ካጡ ሃይድሮሊክ 68 ያገለግላል። የሞተር ዘይት አይጠቀሙ።

ሽብልቁን ሲመልሱ የሚያስተካክሉት ባላለቀው ዳር ላይ ነው። በሽብልቁ ጫፍና ጫፍ ካሉት ማስተካከያ ቪቴዎች አንዱን ያላሉ፣ ሌላኛውን ጥቂት ያጥብቁ፣ ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር ሳይያዝ እስኪሄድ ይድገሙት። መሃል ላይ ጥቂት ልቅነት ይቀራል፤ ይቅር። ሽብልቅ የተበላ ብረት አይመልስም።

ዳዶው ሆን ተብሎ የተሰነጠቀና የሚጠብቅ ዓይነት ከሆነ፣ ዳር ላይ ቪቴው ሳይከብድ እስከሚሄድበት ድረስ ያጥብቁት። ካልሆነ ቶርኖ ቤት አዲስ ያስቆርጡ። ከዚያ በፊት ግን ጠረጴዛው ሳይፈታ እጀታውን በአንድ አቅጣጫ ብቻ 10 ዙር አዙረው ጉዞውን ይለኩ፤ 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቪቴው ባለ 5 ሚሊ ሜትር ነው፣ 50.8 ከሆነ ግን የኢንች ማሽን ነው። በዓይን ልዩነታቸው ስለማይታወቅ ለኢንች ቪቴ በ5 ሚሊ ሜትር የተቆረጠ ዳዶ ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ጥቂት ዙር ገብቶ ይነክሳል። ጥርሱ ግራ ዞር መሆን አለመሆኑንም ያረጋግጡ። ቪቴውን ራሱን ይዘው ይሂዱ፤ ዳዶውም ባላለቀው የቪቴው ጫፍ ላይ እየተሞከረ ይቆረጥ። ብረቱ ብሮንዝ ይሁን። ምናለሽ ተራ «ብሮንዝ ነው» ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ የቧንቧ ራስ ቀልጦ የተሠራ ቢጫ ናስ አይጠፋም፤ ከእርሱ የተሠራ ዳዶ ዕድሜው አጭር ነው። ቪቴውን ግን ለአሁኑ አያስቀይሩ፤ ያን ያህል የረዘመ ቪቴ ተስተካክሎ እንዲቆረጥ በመሃል ደጋፊ ያለውና ራሱ ያላለቀ ቶርኖ ያስፈልጋል፣ መሃል ላይ የሚቀረውንም ባዶ ጉዞ ተጠንቅቆ መሥራት ይቻላል።

ስፒንድሉን ለመፈተሽ ኢንዲኬተሩን በስፒንድሉ ውስጠኛ ሾጣጣ ገጽ ላይ አሳርፈው ቺንጊያውን በእጅ እየጎተቱ ያዙሩት፤ መርፌው ከ0.02 ሚሊ ሜትር ካላለፈና ስፒንድሉ ግማሽ ሰዓት ዞሮ እጅ የሚችለው ሙቀት ብቻ ካለው አይንኩት። የስፒንድል ኩሽኔታ ልዩ ጥራት ያለው ነው፤ በታዋቂ ስም ካርቶን ተጠቅልሎ በርካሽ የሚሸጥልዎ ተራ ኩሽኔታ አሁን ካለው ያረጀው የከፋ ሊሆን ይችላል።

ተገጣጥሞ ሲያልቅና ኮንታክተሩ ሲገባ ሶኬቱን ይሰኩ፣ ማሽኑን ያስነሡ፣ ከዚያ ብሬከሩን አውርደው መልሰው ወደ ላይ ያድርጉት፤ ማሽኑ ራሱ ከተነሣ ኤሌክትሪኩ በስሕተት ተያይዟልና ሳይስተካከል ምንም አይቁረጡ። ካልተነሣ አንድ ቁራጭ ለስላሳ ብረት ሞርሳ ላይ አስረው፣ የማይንቀሳቀሰውን የሳድል መንሸራተቻ ቆልፈው፣ ጥርሱ ከጠረጴዛው ጉዞ በተቃራኒ በሚገፋበት አቅጣጫ በ0.5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይቁረጡ። በዚህም ላይ ሞገዱ ካልጠፋ፣ ጠረጴዛውን ቆልፈው ያንኑ በሳድሉ አቅጣጫ ይሞክሩና ሦስቱን የባዶ ጉዞ ንባቦች ከሁለቱ ቁራጮች ፎቶግራፍ ጋር ይላኩልን።