የጥንት ሰው ልቦለድ ወደ ፊልም ሲመጣ፦ ለሶስት አንባቢዎች የተሰጠ መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሶስቱ አንድ ነገር ላይ ተገናኙብኝ። የጥንት ሰው ታሪክ ይዘው ፊልም ሊያረጉት የተነሱ ሰዎች ናቸው። ርዕሱን በጣም ስለምወደው ሌላውን ጥያቄ ለሚቀጥለው እትም አቆይቼ የዛሬውን ቦታ በሙሉ ለነሱ ሰጥቻለሁ፣ ሌሎቻችሁ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። የፊልም ተማሪ ነኝ፣ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። አጎቴ ካረፈ ሁለት አመት ሆነው፣ ከሱ የቀረን ሶስት ደብተር ሙሉ በእጁ የጻፈው ልቦለድ ነው። ታሪኩ ከ160 ሺህ አመት በፊት አዋሽ ዳር ስለምትኖር ልጇ የሞተባት እናት ነው፣ ቡድኑ ውሃ ፍለጋ ሲነሳ እሷ ልጄን ትቼ አልሄድም ትላለች። አንብቤ ስጨርስ አልቅሻለሁ። የመመረቂያ ፊልሜ ላረገው ነው፣ 25 ደቂቃ፣ ግን ስክሪፕቱ እምቢ አለኝ። አጎቴ ሶስት አራት ገጽ ሙሉ እሷ የምታስበውን ነው የሚጽፈው። አማርኛ ሳናግራቸው ቲያትር ይመስላል፣ ዝም እንዲሉ ሳረጋቸው ደሞ ሰው ምን ይገባዋል እላለሁ። አንዱ ጓደኛዬ ተራኪ አስገቢበት ይለኛል፣ ሌላው ማሞዝና ዳይኖሰር በኮምፒውተር እንጨምር፣ ሰው የሚወደው እሱን ነው ይላል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ በመጀመሪያ አጎትሽን ነፍስ ይማር። ደብተሮቹን ዛሬውኑ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተሽ ሁለት ቦታ አስቀምጪያቸው፣ የእጅ ጽሁፍ አንዴ ከጠፋ ጠፋ ነው።

ዳይኖሰሩን ቶሎ እንለፈው። ዳይኖሰር ካለቀ 66 ሚሊዮን አመት ሆኖታል፣ ሰው አይቶት አያውቅም። ያ በፊልም የለመድነው ፀጉራም ማሞዝ ደሞ የሰሜን የብርድ አገር እንስሳ ነው፣ አዋሽ ዳር ምን ይሰራል። አጎትሽ በጻፈበት ዘመን እዛ የነበረው ጉማሬ ነው፣ ሰዎቹ ጉማሬ እያረዱ ይበሉ እንደነበር በድንጋይ ቢላ የተቆረጠ አጥንቱ ተገኝቷል። ጉማሬ ደሞ በጀት አይጠይቅሽም፣ ማታ ውሃው ሲናወጥና ያ ከሆድ የሚወጣ ድምጹ ሲሰማ ካሜራሽ የሴትየዋ ፊት ላይ ይቁም፣ ተመልካች ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል።

ተራኪውንም ተይው። የኛ ሰው ትረካ እንደሚወድ አውቃለሁ፣ ሬዲዮ ላይ ትረካ እየሰማን ነው ያደግነው፣ ግን ተራኪ እሷ የምታስበውን እየነገረን ከሆነ ፊቷን ማየታችንን እናቆማለን፣ ያኔ ካሜራውን ለምን ተሸከምሽው?

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። እኔ ልጅ ሆኜ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር አያቴ ቤት ነው ያደኩት። ማታ ሁሉ ሰው ከተኛ በኋላ አያቴ ምድጃው ስር ቁጭ ብላ ፍሙን አንድ ላይ ሰብስባ አመድ ታለብሰዋለች፣ እሳት ማዳፈን ማለት ነው፣ ከዛ በእጇ መዳፍ ከላይ ቀስ ብላ ጫን ጫን ታረገዋለች፣ ልጅ እንደማስተኛት። ጠዋት ከፈተችው ፍሙ ካለ ቀኑ ሰላም ነው። ጠፍቶ ከሆነ ግን እኔ ገል ይዤ ጎረቤት እላካለሁ፣ እሳት ልጭር። ያቺን ፍም ገል ላይ ይዤ ስመለስ እንዴት እንደምሄድ ዛሬም ሰውነቴ ያስታውሰዋል፣ ብሮጥ ትወድቃለች፣ ብዘገይ ትከስላለች፣ ንፋስ ሲመጣ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። ዛሬም ቶሎ ልሂድ ያለን እንግዳ "እሳት ልትጭር ነው እንዴ የመጣኸው" የምንለው ከዛ የመጣ ነው።

ይሄን የነገርኩሽ በምክንያት ነው። ብዙ አመት ቆይቶ፣ ቪዲዮ ቤት በነበረበት ጊዜ፣ ፒያሳ ከጓደኞቼ ጋር አንድ የፈረንሳይ ዳይሬክተር የሰራው ፊልም አየን፣ የዣን ዣክ አኖ፣ እሳት ፍለጋ ስለሄዱ ሶስት የጥንት ሰዎች። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ ነው፣ ሮኒ ኤኔ የሚባል ደራሲ በ1911 መጽሐፍ አርጎ ካሳተመው ልቦለድ የተወሰደ። ጎሳው እሳት መጠበቅ እንጂ መስራት አያውቅም፣ እሳቱ ጠፋባቸው፣ በቃ ታሪኩ ይሄ ነው። አንድም የምናውቀው ቃል የለም፣ ከስር የሚጻፍ ትርጉምም የለም፣ እዛች ጠባብ ቤት ታፍገን የተቀመጥነው ሰዎች ግን ሁሉም ገብቶናል። እኔማ የዛን ሰውዬ እሳት ተሸክሞ መሄድ ሳይ አንጀቴ ነው የተላወሰው፣ ገሉ ትዝ ብሎኝ።

ለዛ ፊልም ቋንቋውን የፈጠረው አንቶኒ በርጀስ የሚባል እንግሊዛዊ ደራሲ ነው፣ የእጅና የአካል እንቅስቃሴውን ደሞ ዴዝሞንድ ሞሪስ የሚባል የእንስሳት ባህሪ አጥኚ። አየሽ፣ ዝም አላስባሏቸውም፣ ቋንቋ ሰጧቸው፣ ግን ታሪኩን በቃል ላይ አላንጠለጠሉትም። ሌላም ላሳይሽ፣ መጽሐፉ ላይ የጎሳው አለቃ እሳቱን ላመጣ ሰው የእህቱን ልጅ ሊሰጥ ቃል ይገባል፣ ፊልሙ ያን ትቶ ከሌላ ጎሳ የሆነች ሴት አመጣና እሳት መስራት ከሷ ወገን እንዲማሩ አረገ። ቃል መግባት ለመጽሐፍ ይሆናል፣ እጅ እንጨት ሲያሽከረክር ግን ለካሜራ ነው። ስለዚህ የአጎትሽን መጽሐፍ ስትቀንሺ እሱን እንደመክዳት አትቁጠሪው።

ያንቺ ሴትዮስ? አጎትሽ 160 ሺህ አመት ሲል ዝም ብሎ አልመረጠም ብዬ አስባለሁ። አፋር ውስጥ ሄርቶ የሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1997 የራስ ቅሎች ተገኝተው በ2003 ይፋ ሆነዋል፣ ዶክተር ብርሃኔ አስፋው ያሉበት ቡድን ነው ያገኛቸው፣ እድሜያቸው ወደ 160 ሺህ አመት ነው። ከነሱ አንዱ የስድስት ወይ የሰባት አመት ልጅ ነው። የልጁ ራስ ቅል ላይ ሥጋው በድንጋይ ቢላ ተጠንቅቆ የተነሳበት ምልክት አለ፣ ከዛ ደሞ አጥንቱ ቦታ ቦታ ላይ ለስልሷል፣ አብረቅርቋል፣ ከሞተ በኋላ ደጋግሞ በእጅ የተያዘ ነገር እንደሚለሰልሰው። አጥኚዎቹም ለሞተ ሰው የሚደረግ ሥርዓት ሳይሆን አይቀርም ብለው ነው ያዩት።

እና ልጄ፣ ያ ሶስት ገጽ ሙሉ ሀሳብ እኮ ይሄው። እናትየው ልጄን ትቼ አልሄድም ትላለች ብለሻል። አትበል። ትያዘው። ቡድኑ ተነስቶ ሲሄድ ቆዳ ውስጥ የጠቀለለችው ነገር አለ፣ ምን እንደሆነ አንነገርም፣ ሲያርፉ እጇ ወደዛ ይሄዳል፣ አውራ ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ያሻሻል። መጀመሪያ ስናይ አጥንቱ ሸካራ ነው። መጨረሻ ላይ ስናይ ያ ቦታ እንደ ጠጠር ለስልሷል። ስንት ጊዜ እንዳለፈ፣ ምን እንደምታስብ፣ ሁሉንም አውራ ጣቷ ነገረን። ውሃው ጋ ሲደርሱ ምን ታረጋለች የሚለው ያንቺ ነው፣ እሱን እኔ አልነካብሽም።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር በጥብቅ ልለምንሽ። አማርኛ አይሁን፣ እሱን ራስሽም አይተሽዋል። ግን ደሞ አፋርኛ ወይ የሐመር ወይ የሌላ ዛሬ በህይወት ያለ ህዝብ ቋንቋና ልብስ ወስደሽ የጥንት ሰው እንዳታረጊው። ዛሬ አብሮን የሚኖር ወንድማችንን ያልሰለጠነ ዘመን ማሳያ ማረግ ነውር ነው፣ የኛ ፊልም ሰሪዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከ20 የማይበልጡ ቃላት ፍጠሪ፣ ውሃ፣ ና፣ እንቢ፣ የልጁ ስም። ተዋንያኑ አንድ ወር በቃላቱ ይኑሩ። ቀሪውን ከትንፋሽ አምጪው። እኛ እሺ ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናረግ የለ? ሀዘን ስናይ ከንፈር እንመጥ የለ? አራት ኪሎ ካፌ ቁጭ ብለሽ ድምጹን ሳትሰሚ ሰው ሲያወራ እዪ፣ ማን እንደተቆጣ ማን እንደሚለምን ታውቂያለሽ። ተመልካችሽ እነዚህን ሲሰማ ማንም ሳይተረጉምለት ይገባዋል።

ከመቅረጽሽ በፊት አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም አንድ ጠዋት ብቻሽን ሂጂ። ሁሉም ሰው ድንቅነሽ ጋ ነው የሚቆመው፣ እሷ ግን 3.2 ሚሊዮን አመቷ ነው፣ ያንቺ ሴትዮ ዘመን አይደለችም፣ ሁለቱን እንዳታደባልቂ። ድንጋዮቹን እዪልኝ። ከቻልሽ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘሽ መልካ ቁንጡሬ ድረሺ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ እዛ ያለው ጥቁር ባልጩት ጠርዙ ምላጭ ነው። ድንጋይ ማንሳት ግን ክልክል ነው፣ ለመቅረጽም ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልግሻል፣ እሱን ቀድመሽ ጀምሪው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። እድሜዬ ገፍቷል፣ ብዙ አመት የሆነው አንድ ታሪክ አለኝ፣ ባሌ ተራራ ላይ ዋሻ ውስጥ ስለሚኖሩ የጥንት ሰዎች። ወጣቶች መጥተው ፊልም እናርገው አሉኝ፣ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ኢትዮጵያ ውስጥ በረዶና ዋሻ ማን ያምናል፣ በረሃ እናርገው ይላሉ። መከልከል እችላለሁ? ውልስ እንዴት ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ይችላሉ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሰረት ስራዎን ወደ ሌላ መልክ መለወጥ እርሶ ሲፈቅዱ ብቻ ነው፣ መብቱም በህይወት እያሉና ከዛ በኋላ 50 አመት ይቆያል፣ ለልጆችዎ ይተርፋል ማለት ነው። ስራው ክብርዎን በሚነካ መልኩ ቢጣመምም የመቃወም መብት አለዎት። ውሉ በጽሁፍ ይሁን፣ ለስንት ፊልም፣ ለስንት አመት፣ ቦታና ዘመን ሳልስማማ አይቀየርም የሚል መስመር ይግባበት። በቃል ተስማምተን ነበር የሚባል ነገር ስንት ወዳጅ እንዳለያየ አይቻለሁ።

ስለ ብርዱ ግን ልጆቹን ቁጭ አርገው ይንገሯቸው፣ እውነቱ ከርሶ ጋር ነው። ባሌ ላይ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የአለት ጥግ አለ፣ ከባህር ጠለል ወደ 3,470 ሜትር ከፍታ። ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ አመት በፊት ሰው እየተመላለሰ ኖሮበታል፣ ያኔ ተራራው ላይ በረዶ ግግር ነበረ። የሚበሉት እዛው ባሌ ብቻ የሚገኘውን ትልቁን ፍልፈል ጠብሰው ነው፣ የተቃጠለ አጥንቱ በብዛት ተገኝቷል፣ የሚሰሩበትም ባልጩት ነበር። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፣ እርሶ ከዛ በፊት ጽፈውት ከሆነ እጅዎን ልስም። አየር ባጠረበት ከፍታ፣ ጭጋግ ውስጥ፣ ጉድጓድ አፍ ላይ ፍልፈል የሚጠብቅ ሰው ማን ፊልም ላይ አይቷል? በረሃውን ሁሉም ሰርቶታል።

ጥያቄ፦ ሜካፕ ሰሪ ነኝ፣ ፒያሳ አካባቢ ነው የምሰራው። የጥንት ሰው ፊልም ተሰጥቶኝ ዳይሬክተሩ ፊታቸውን ዝንጀሮ አስመስል፣ ሰውነታቸውን በሙሉ ፀጉር አልብስ አለኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስንት አመት በፊት ነው ብለህ ጠይቀው። 3 ሚሊዮን ካለህ ሌላ ስራ ነው፣ ቁመታቸው ራሱ ሴቶቹ አንድ ሜትር ገደማ፣ ወንዶቹ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ አዋቂ ተዋናይ ይከብዳል። የመቶ ሺህ ምናምን አመት ከሆነ ግን እነሱ እኛው ነን። የሄርቶዎቹ ጭንቅላት ከኛ እንዲያውም ተለቅ ይላል፣ ቅንድብ ላይ ያለው አጥንት ትንሽ ወጣ ይላል፣ በቃ። ያ ቅድም ያልኩት የእሳቱ ፊልም በሜካፕ ኦስካር ወስዷል፣ ግን እሱ ስለሌላ አገርና ስለሌላ አይነት ሰዎች ነው፣ እሱን አይተህ እንዳትገለብጥ።

ድካምህን ቆዳቸው ላይ አውለው። እድሜ ልኩን ጫማ ያላየ ተረከዝ እንዴት እንደሚሰነጠቅ ታውቃለህ። ባልጩት የሚጠርብ ሰው ጣቶቹ ላይ ትናንሽ ጠባሳ ይኖረዋል፣ ያረጀውም ያዲሱም። የቀይ አፈር ቀለም ጥፍር ስር ይገባል፣ ታጥቦም አይለቅም። ጥርሳቸውን ነጭ አርገህ እንዳትተው፣ ግን እንደኛ በስኳር የበሰበሰም አታርገው፣ አሸዋ በገባበት ምግብ የተበላና ጠፍጣፋ ይሁን። ጀርባቸው ላይ ፀጉር ከምትለጥፍ አንዷን ሴትዮ ሁልጊዜ ሸክም የሚውልበት ትከሻዋ ላይ ቆዳው እንዲጠነክር አርግ። ዳይሬክተሩ እንቢ ካለህ አንድ ተዋናይ ላይ እጁን ብቻ ሰርተህ አሳየው፣ ፊቱን አትንካ።